ውኃ የጠጣ ኦፓል፦ «ድንጋዬ ተለወጠ» ከተባለበት የቀለበት ጥገና የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወርቅ ቤት የተነሣን ክርክር ከመነሻው እስከ መቋጫው ይመዘግባል። የደንበኛዋም ሆነ የወርቅ ሠሪው ስም አልተጠቀሰም። ጉዳዩ መመዝገብ ያለበት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ወርቅ ሠሪው ድንጋዩን ከእሳት ለመጠበቅ ብሎ ያደረገው ጥንቃቄ ራሱ ድንጋዩን ጎድቶታል። ሁለተኛ፣ ድንጋዩ በሌላ ድንጋይ ለመለወጡ ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ሚዛን ከ12 ቀን በኋላ ተመልሶ አለመለወጡን አሳይቷል።

ቀለበቱና ድንጋዩ

ቀለበቱ ባለ 18 ካራት ቢጫ ወርቅ የቃል ኪዳን ቀለበት ነው። በመካከሉ 14 በ10 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 5.5 ሚሊ ሜትር፣ ጀርባው ጠፍጣፋ ፊቱ ጉልላት የሆነ ሞላላ የወሎ ኦፓል (በብልጭታው የሚታወቅ የከበረ ድንጋይ) አለው። ሲገዛ በተሰጠው ደረሰኝ ላይ የድንጋዩ ክብደት 3.62 ካራት ተብሎ ተጽፏል። የድንጋዩ መደብ (ከብልጭታው ሥር ያለው ቀለም) ወተት መሰል ነጭ ሲሆን አረንጓዴና ብርቱካናማ ብልጭታ ጎልቶ ይታይበታል። ደንበኛዋ የምትኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ቀለበቱ ስለሰፋት ለሠርግ በመጣችበት አጋጣሚ እንዲጠብላት ሰጠች። ለመመለስ የቀራት 14 ቀን ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ በክርክሩ መሐልም ሰዎችን አደናግሯልና። የወርቅ ካራት የጥራት መለኪያ ነው፤ 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ፣ ማለትም 75 በመቶው ወርቅ ነው ማለት ነው። የድንጋይ ካራት ግን ክብደት ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። ስለዚህ 3.62 ካራት ያለው ድንጋይ 0.724 ግራም ይመዝናል።

የወሎ ኦፓል ከደላንታ፣ ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ደጋ ሲሆን፣ ኦፓሉ የሚገኘው ገደሉ ወገብ ላይ በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል በተዘረጋ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ቆፋሪዎች ገደሉን ወደ ጎን እየፈለፈሉ ይገባሉ፤ የሚሠሩት በእጅ መሣሪያ ነው፣ የአፈር መደርመስም ሕይወት ይቀጥፋል። ይህ ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ገበያ የወጣው የሰሜን ሸዋው የመዘዞ ኦፓል ነበር። ያ ድንጋይ ቡናማ መደብ የሚበዛው ሲሆን ብዙው ከተቆረጠ በኋላ እየተሰነጣጠቀ የኢትዮጵያ ኦፓልን ስም አጉድፎ ነበር። የወሎው ከዚህ ይሻላል፤ በአግባቡ ከተያዘ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ግን የራሱ ጠባይ አለው፦ ውኃ ይጠጣል።

ይህ ጠባይ ሃይድሮፌን ይባላል። ድንጋዩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እርስ በርስ የተያያዙ ቀዳዳዎች አሉ። ሲደርቅ አየር ይሞላቸዋል፣ ሲነከር ውኃ። አብዛኛው የአውስትራሊያ ኦፓል እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ከውጭ መጻሕፍት ወይም ቪዲዮዎች ስለ ኦፓል የተማረ ሠሪ የወሎውን ጠባይ ላያውቀው ይችላል።

ወርቅ ሠሪው ምን አደረገ

ቀለበቱ በውስጥ ስፋቱ 17.3 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ወደ 16.5 እንዲወርድ ተጠየቀ። ለዚህ ከክቡ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ተቆርጦ ይወጣና ጫፎቹ ተገናኝተው ይበየዳሉ። ሥራው ራሱ ቀላል ነው፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ድንጋዩ በአራት ቀጫጭን ጥፍሮች ከፍ ብሎ የተያዘ ነበር። ሠሪው ጥፍሮቹን ከፍቶ ድንጋዩን ማውጣት አልፈለገም፤ ቀጭን ጥፍር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰበራል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ ተገቢ ነበር። በምትኩ ለሌሎች ድንጋዮች ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ድንጋዩን በውኃ በተነከረ ወፍራም ለስላሳ ወረቀት ጠቅልሎ ክቡን በጋዝ ነበልባል አሞቀ። የ18 ካራት ቀላል መበየጃ የሚቀልጠው 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። ወርቅ ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ ከክቡ ታች የጀመረው ሙቀት በሰከንዶች ውስጥ እስከ ጥፍሮቹ ይደርሳል።

ከብየዳው በኋላ ቀለበቱ ጥቁረቱ እንዲለቅ ለብ ባለ የአሲድ ማጽጃ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ተወለወለ። የመወልወያው ቅባት እንዲወጣ ደግሞ አልትራሶኒክ በሚባለው የንዝረት ማጠቢያ፣ ፈሳሽ ሳሙና ባለበት ሙቅ ውኃ ለ10 ደቂቃ ታጠበ።

ከማጠቢያው ሲወጣ ድንጋዩ ወተት መሰል አልነበረም። እንደ ብርጭቆ ጠርቶ የወርቁ ወለል ከሥሩ ይታይ ነበር። ብልጭታው ደብዝዞ፣ በአንድ ጎን ብቻ ትንሽ አረንጓዴ ቀርቶ ነበር። አንዱ ጥፍር አጠገብ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታይ ነበር።

ክርክሩ

ደንበኛዋ ቀለበቱን እንዳየች «ይሄ የእኔ ድንጋይ አይደለም» አለች። ወንድሟ ድንጋዩ እንዲወጣና እንዲመዘን ጠየቀ፤ ጥፍሮቹ ተከፍተው ድንጋዩ ተመዘነ። የወርቅ ቤቱ ሚዛን 0.80 ግራም፣ ማለትም 4 ካራት አነበበ። ደረሰኙ 3.62 ይላል። መልኩ የተለየ፣ ክብደቱ የተለየ ድንጋይ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሠሪው በበኩሉ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ድንጋዩን ከቀለበቱ እንኳ አላወጣሁትም።

በዚያው ምሽት የቤተሰቡ አንድ ሰው «ውኃ ገብቶበት ከሆነ ይድረቅ» ብሎ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ያለ አየር ነፋበት። ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ስንጥቁ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ረዘመ። የውጪው ቆዳ ፈጥኖ ሲደርቅና ውስጡ ገና እርጥብ ሲሆን ድንጋዩ እኩል አይኮማተርም፤ የደከመበት ቦታ ይሰነጠቃል።

በማግሥቱ ሁለቱም ወገኖች በድንጋይ ሥራ ረጅም ዘመን የቆዩ አንድ አዛውንት ዘንድ ለመሄድ ተስማሙ። ወደ ፖሊስ አለመሄዳቸው ብልህነት ነበር፤ ጉዳዩ በዚያ ደረጃ ቢሄድ ኖሮ ድንጋዩ በኤግዚቢትነት ተይዞ ማንም ሳይመረምረው ሊቀር ይችል ነበር።

ክብደቱ ለምን ጨመረ፣ መልኩስ ለምን ጠፋ

አዛውንቱ መጀመሪያ ያደረጉት ድንጋዩን ዕለት በዕለት በጽሑፍ ለመመዘን ሁለቱንም ወገኖች ማስማማት ነበር። ምክንያታቸው ይህ ነው። ከእርጥብ ወረቀት፣ ከአሲዱ፣ ከሳሙናው ውኃ ሁሉ ድንጋዩ ጠጥቷል። የጠጣው ይመዝናል። የወሎ ኦፓል ክብደቱን ከ10 በመቶ በላይ ሲጨምር አዲስ ነገር አይደለም። የ0.4 ካራት ጭማሪ፣ ማለትም 0.08 ግራም፣ ከሁለት ጠብታ ውኃ አይበልጥም።

መልኩ የሚለወጠው ደግሞ በብርሃን ምክንያት ነው። የኦፓል ብልጭታ የሚወለደው ሲሊካው በጥቃቅን፣ በሥርዓት በተደረደሩ ቅንጣቶች ስለተሠራ፣ በቅንጣቶቹና በመካከላቸው ባለው ክፍተት መካከል ብርሃኑ ስለሚከፋፈል ነው። ክፍተቱን አየር ሲሞላው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ውኃ ሲሞላው ግን ውኃ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን (1.33) ወደ ኦፓሉ (1.45 አካባቢ) ይቀርባል፤ ልዩነቱ ይጠብባል፤ ወተት መሰሉ መደብ ይጠራል፣ ብልጭታውም ይደክማል። በነጭ ጨርቅ ላይ ውኃ ሲፈስ ጨርቁ ሥሩን እንደሚያሳይ ማለት ነው።

ስንጥቁ ግን የውኃ ብቻ ሥራ አይደለም። እርጥቡ ወረቀት አልማዝን ወይም ሩቢን ከሙቀት ሊጠብቅ ይችላል። የወሎ ኦፓልን ግን መጀመሪያ ውኃ ያጠጣዋል፣ ከዚያ የጠጣው ውኃ ከጥፍሮቹ በሚመጣው ሙቀት ውስጥ ለውስጥ ይፈላል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። ደረቅ ቢሆን እንኳ ኦፓል ድንገተኛ ሙቀትን አይችልም፤ እርጥብ ሲሆን ግን አደጋው ይብሳል።

የማድረቁ ሂደት

የሚከተለው ሥርዓት ተበጀ። ድንጋዩ ክዳኑ ጥቂት በተከፈተ የካርቶን ሣጥን ውስጥ፣ በለስላሳ ወረቀት ላይ፣ ፀሐይና ምድጃ በማይደርስበት መሳቢያ ተቀመጠ። ሣጥኑ የሁለቱም ወገን ፊርማ ባለበት ወረቀት ታሸገ። በተመዘነ ቁጥር ተከፍቶ፣ ከሚዛኑ ቁጥር ጋር ፎቶ ተነሥቶ፣ እንደገና ታሸገ። ሚዛኑም ተለወጠ። የወርቅ ቤት ሚዛን ብዙውን ጊዜ እስከ 0.01 ግራም ነው የሚያነበው፤ ይህ 0.05 ካራት ነው፣ ለድንጋይ ሻካራ ነው። እስከ 0.01 ካራት የሚያነብ የድንጋይ ሚዛን ተበደሩ።

መነሻው 4.02 ካራት ነበር። በ1ኛው ቀን 3.93፣ በ2ኛው 3.87፣ በ4ኛው 3.77፣ በ6ኛው 3.71፣ በ9ኛው 3.66፣ በ12ኛው ቀን 3.64 ሆነ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ተመዝኖ አልተንቀሳቀሰም።

በሂደቱ ከባዱ ጊዜ 3ኛውና 5ኛው ቀን መካከል ያለው ነበር። ድንጋዩ መጥራቱን ትቶ እንደ ኖራ ነጣ፤ ብልጭታው ጭራሽ ጠፋ። ደንበኛዋ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ የደነገጠችው ያን ጊዜ ነው። ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ቀዳዳዎቹ ከፊሉ አየር ከፊሉ ውኃ ሲሆኑ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ ድንጋዩም ጭጋግ ይለብሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ድንጋዩ ሞተ ብሎ ዘይት ሊቀባው ወይም መልሶ ሊያረጥበው ይችላል። ከ6ኛው ቀን ጀምሮ ብልጭታው ከጠርዙ ወደ መሐል እየገባ ተመለሰ፤ ቀድሞ የሚደርቀው ጠርዙ ነውና።

አንዳንድ ምክሮችም መጥተው ነበር። ሩዝ ውስጥ ይቀበር የሚለው ተሞከረ፣ ለአንድ ቀን፤ ሚዛኑ ላይ ያሳየው ልዩነት የለም፣ አቧራው ግን በድንጋዩ ላይ ቀረ። የሕፃን ዘይት ይቀባ የሚለውን አዛውንቱ አጥብቀው ከለከሉ። ዘይት ለጊዜው ያበራዋል፤ ከቀዳዳው ግን አይወጣም፣ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል።

ያው ድንጋይ ለመሆኑ

ሚዛኑ ወደ 3.64 መመለሱ ብቻውን በቂ ማስረጃ ተደርጎ አልተወሰደም። ሦስት ነገር ተጨመረበት። ደንበኛዋ ቀለበቱን ስትገዛ በስልክ ያነሣቻቸው ፎቶዎች ነበሯት፤ በአንዱ ላይ ብርቱካናማው ብልጭታ በአንድ ጫፍ እንደ ጣት ተዘርግቶ ይታያል። ያው ጣት በደረቀው ድንጋይ ላይ በዚያው ቦታ ተገኘ። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲታይ ከጀርባው አጠገብ ቡናማ የእናት አለት (ኦፓሉ የተገኘበት አለት) ጭረት አለ፤ በፎቶውም ይታያል። ልኩም 14 በ10 በ5.5 ሆነ። ኦፓል ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ እንጂ ስፋቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ስለማያሳይ ከመጀመሪያው ቀን መለካት የነበረበት በሚሊ ሜትር ነበር። ያ ቢደረግ ኖሮ ጥርጣሬው በዚያው ሰዓት በረድ ይል ነበር።

ወንድምየው ሰው ሠራሽ ኦፓል ገብቶ ይሆናል የሚል ሥጋትም ነበረው። በገበያ ያለው አብዛኛው ሰው ሠራሽ ኦፓል ቀዳዳው በፕላስቲክ ሬዚን የተሞላ ስለሆነ እንዲህ ውኃ አይጠጣም። በመጠጣቱ የተጠረጠረው ድንጋይ በመጠጣቱ ተመሰከረለት።

የቀሩት ጉድለቶች

ድንጋዩ ቢመለስም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ስንጥቁ 4 ሚሊ ሜትር ላይ ቆመ። መደቡ ላይ ደግሞ ቀላል ቢጫነት ነበር። የ0.02 ካራት ልዩነቱም ከሳሙናና ከመወልወያ ቅባት የቀረ ነገር መሆኑ ተገመተ። ድንጋዩ ለባትሪ በሚጨመረው የተጣራ ውኃ (አሲድ በሌለበት) ሁለት ቀን ተነክሮ፣ ውኃው ሁለት ጊዜ ተለውጦ፣ እንደገና በዚያው ሥርዓት 10 ቀን ደረቀ። በመጨረሻ 3.62 አነበበ። ቢጫነቱ ቀነሰ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። የቧንቧ ውኃ ያልተመረጠው በውስጡ ያሉት ጨዎች ውኃው ሲተን በቀዳዳው ውስጥ ስለሚቀሩ ነው። ይህ ሥራ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደገም ተወሰነ፤ የተሰነጠቀ ድንጋይ ደጋግሞ ማርጠብና ማድረቅ ስንጥቁን ይጎትተዋል።

ስንጥቁን በሬዚን መሙላትም ታስቦ ተትቷል። ሬዚኑ በስንጥቁ ብቻ አይቆምም፣ ወደ ቀዳዳዎቹ ይሰርጋል፣ እንደ ዘይት እድፍም ነጠብጣብ ይሠራል።

እንደገና መግጠም

አራቱ ጥፍሮች ተወገዱ። ቀጭን ክብና ከፍ ያለ ጥፍር ያሁኑ ጊዜ ፋሽን ነው፤ ደንበኞች ከውጭ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ። ያ ንድፍ የተሠራው ግን ለአልማዝ ነው። የኦፓል ጥንካሬ ጭረትን መቋቋምን ከ1 እስከ 10 በሚለካው በሞህስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ በመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ 7 ነው። ለዕለት ተዕለት ቀለበት ኦፓል ከፍ ብሎ መቆም የለበትም፣ ዙሪያውንም ወርቅ ቢያቅፈው ይሻላል። ይህን ለደንበኛ በግልጽ መንገር የሠሪው ኃላፊነት ነው፤ ሽያጩ ቢያመልጥ እንኳ።

አዲሱ ማቀፊያ ውፍረቱ 0.35 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለስላሳ የ22 ካራት ወርቅ ቅጠል ተሠራ፤ ለስላሳ ወርቅ በትንሽ ግፊት ስለሚታጠፍ ስንጥቁን አያስጨንቅም። ወለሉ ክፍት ሆኖ ጠርዙን ብቻ የሚያሳርፍ 1 ሚሊ ሜትር እርከን ተተወለት፤ ድንጋዩ ድንገት ቢረጥብ ከሥሩም አየር አግኝቶ እንዲደርቅ ነው። ብየዳው፣ የአሲድ ማጽዳቱና መወልወሉ ሁሉ ድንጋዩ ሳይገባ አለቀ። ቀለበቱ የቀረበት አሲድ እንዲሞት ሶዳ ባለበት ውኃ ታጥቦ፣ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ፣ ሙሉ ቀን ደረቀ። ከዚያ ድንጋዩ ያለ ሙጫ ተቀመጠ፤ ሙጫም ይጠጣልና። የወርቁ ከንፈር በመዶሻ ሳይሆን በእጅ መግፊያ፣ ከአራት ተቃራኒ ነጥቦች ተጀምሮ በየተራ፣ ከስንጥቁ በኩል በመጨረሻ ታጠፈ። የመጨረሻው ማጽጃ ደረቅ ጨርቅ ነበር።

ደንበኛዋ በ14ኛው ቀን ያለ ቀለበቱ ተመልሳለች። ቀለበቱ ከወር በኋላ በዘመድ እጅ ደረሳት። የጥገናውን ድካም ሠሪው አላስከፈለም፤ ለተጨመረው ወርቅ ደንበኛዋ ከፈለች፤ ለስንጥቁ ደግሞ ሠሪው የድንጋዩን ዋጋ ግማሽ መለሰ። ግማሽ የሆነው የፀጉር ማድረቂያው ድርሻ ስለታሰበ ነው። ሁለቱም ወገን ተቀብሎታል።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ማንኛውም ድንጋይ ያለበት ጌጥ ለጥገና ሲመጣ፣ ነበልባል ከመለኮሱ በፊት ድንጋዩ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ያልታወቀ ኦፓል ውኃ መጠጣቱን ለመለየት ጀርባውን በምላስ ጫፍ መንካት ይበቃል፤ ሃይድሮፌን ከሆነ ምላስ ላይ ይጣበቃል። ሠሪው ይህን ቢያደርግ ኖሮ እርጥብ ወረቀቱን አያነሣም ነበር። ጥፍር ይሰበራል የሚለው ሥጋቱ እውነት ነው፤ የተሰበረ ጥፍር ግን በአንድ ሰዓት ይተካል፣ የተሰነጠቀ ኦፓል አይተካም። የሌዘር መበየጃ ያለው ቤት ከሆነ ሙቀቱ በአንድ ነጥብ ስለሚወሰን ድንጋዩን ሳያወጡ መሥራት ይቻላል፤ ያኔም ቢሆን አሲዱና የንዝረት ማጠቢያው ይቅሩ።

ስህተቱ ለኦፓል ብቻ አይደለም። የጉጂው የሻኪሶ ኤመራልድም እንደ ሌላው ኤመራልድ ውስጣዊ ስንጥቅ ስለሚኖረው ብዙ ጊዜ በዘይት ተሞልቶ ይሸጣል፤ የንዝረት ማጠቢያ ያን ዘይት አውጥቶ ስንጥቁን ያጋልጠዋል። ሉል፣ አምበርና ተርኩዋዝም አሲድም ሆነ ነበልባል አይችሉም።

ወርቅ ቤቱ ከዚያ በኋላ የመቀበያ ደረሰኙን ለውጧል። አሁን ድንጋይ ያለበት ጌጥ ሲገባ የድንጋዩ ዓይነት፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው በሚሊ ሜትር፣ የጌጡ ጠቅላላ ክብደት፣ ያሉ ስንጥቆች፣ እንዲሁም ከፊትና ከጀርባ የተነሡ ሁለት ፎቶዎች ይያዛሉ፤ ደንበኛው ፊት ተሞልቶ ይፈረማል። ለኦፓል አንድ ተጨማሪ መስመር አለ፦ «ድንጋዩ ሲመጣ ደረቅ / እርጥብ»።